ዐሥራ ዘጠነኛዋ ሴት

ዶክተር ሲና የእናትዓለምን ትናጋ በጫማ ካርቶን አድርጋ ወደ ግቢያችን ስትገባ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ እኔም ከቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ ጀሪካን እየሞላሁ ነበር። ካርቶኑ ላይ የወንድ ጫማ፣ ቁጥር አርባ ሁለት የሚል ተለጥፎበታል። ከውስጡ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ነጭ ጄሶ አወጣች። በጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሴ 19» ተብሎ ተጽፎበታል። «እማማ፣ የእናትዓለም የላይኛው ትናጋ እኔ ጋ አለ፤ ስፈልገው አድሬ አገኘሁት» አለች፤ ዓይኗ ደም መስሏል። የእናትዓለም እናት ወለተ ሩፋኤል ከመደቡ ላይ ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ነጠላዋን ከራሷ ገለጥ አድርጋ ጄሶውን ግንባሯ ላይ አሳረፈችው፣ ከዚያ ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። አብረዋት ሊቀመጡ የመጡት ሴቶች በሙሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። የኔ ጀሪካን ሞልቶ ውሃው በእግሬ ላይ ይወርዳል፣ ቧንቧውን መዝጋት አቃተኝ። ያ የምትስመው ትናጋ የልጇ አልነበረም። የኔ ነበር።

እንዴት ሆኖ የኔ አፍ በልጅቷ ስም እንደተቀመጠ ስናገር የሚስቅ ይኖራል፤ ያኔ እኔም ስቄያለሁ። ሲና የዚሁ የግቢያችን ልጅ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት የጥርስ ሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል የመመረቂያ ጥናት አምጪ ተባለች። ጥናቷ በሰው ትናጋ ላይ ስላሉት ሸንተረሮች ነበር፤ ምላሳችንን ከፊት ጥርሳችን ኋላ ወደ ላይ ስንሰድ የሚሻክሩን እነዚያ መስመሮች የወንድና የሴት ይለያሉ ወይ የሚል። የእድራችን ዳኛ አቶ አምባቸው «አይ ልጄ፣ ወንድና ሴት ለመለየት አፍ ውስጥ ድረስ መግባት ምን አስፈለገ? እኛ ከመንገድ ማዶ ሆነን እንለያለን» ብለው ግቢውን አሳቁት። እሷ ግን የምሯን ነው። ሠላሳ ወንድና ሠላሳ ሴት፣ ከአሥራ ስምንት እስከ አርባ ዓመት፣ ጥርሱ ያልጎደለ ሰው ፈለገች። አፉን ላስለካ ሁሉ አንድ የጥርስ ብሩሽ ይሰጣል ስትል እኔም ተሰለፍሁ። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። አርባ ሰባት አልኋት። «እትዬ ውዴ፣ ይቅርታ፣ አንቺ ጊዜሽ አልፏል» አለችኝ፤ ልክ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ እንደተረሳ ሽሮፕ። ሠላሳ ሁለት ጥርሴ ሳይነቃነቅ አፌ ውስጥ አለ፤ ዓመቴ ምን አገባው ብዬ ተቀይሜ ቤቴ ገባሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ አሥር ሰዓት ገደማ። እናትዓለም በማግሥቱ ልትቆርብ ስለነበር አፏን ዘግታለች፤ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ሲና የምትለካው ደግሞ አንድ ዱቄት በውሃ ለውሳ፣ እንደ ሊጥ ሲሆንላት በብረት አድርጋ ትናጋ ላይ በመለጠፍ ነው፤ ጠረኑም ጣዕሙም እንደ ሚንት ከረሜላ ነው። እናትዓለም እየተሳሳቀች ቤቴ ገባች። «እትዬ ውዴ፣ ያ ነገር ይጣፍጣል አሉ። ሲናን ደግሞ እምቢ ብላት አንድ ሰው ጎደለብኝ ብላ ታለቅሳለች። እባክሽ አንቺ ግቢልኝ» ብላ ቁጥሯ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት መዳፌ ውስጥ ጨመረችው። ሲና ጓሮ ሆና ጄሶ ታቦካለች። አፍ የሚለካው ኪሩቤል የሚባል የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ከሰፈራችን ሰው ማንንም አያውቅም። ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ ገባሁና ወረቀቱን ሰጠሁት። «ዕድሜ?» አለኝ። «ሃያ ሁለት» አልሁት። አፉን የከፈተ ሰው ፊቱ አይታይም መሰለኝ፣ ቀና ብሎም አላየኝ። እናትዓለም በበሩ ስንጥቅ እያየች፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ትንፈራፈራለች። ብሩሹን ልስጣት ብል «የድካምሽ ዋጋ ነው፣ ያዢው» አለችኝ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ሲናም የወንድና የሴት ትናጋ አይለይም፣ የሰውና የሰው ግን ይለያል፣ መንታ ቢሆኑ እንኳ ይለያል ብላ ጽፋ በማዕረግ ተመረቀች። ከማዕረጉ ውስጥ የኔ ድርሻ አለበት እያልሁ ለእናትዓለም ስነግራት ሁለታችንም እንደገና እንስቅ ነበር።

ባለፈው እሑድ እናትዓለም ከሰንበት ተማሪዎች ጋር ለንግሥ ደቅ ደሴት ሄዳ በጣና ላይ ስትመለስ፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ጀልባዋን ገለበጣት። ሃያ ስድስት ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ ሃያ አራቱ ወጡ። የቀሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ የኛዋ እናትዓለም፣ ሌላዋ ሰኞ ዓይኗን ልትታከም ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ የነበረች ዜማ የምትባል የደቅ ልጅ። ሁለቱም በሃያዎቹ አጋማሽ፣ ሁለቱም ጠይም፣ ሁለቱም ነጭ ቀሚስ የለበሱ። ትናንት ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል የሚያጭዱ ሰዎች እምቦጩ ውስጥ የተያዘ አንድ የሴት ሬሳ አገኙ። አንድ ብቻ። ልብሷን ማዕበሉ ገፎታል፤ ፊቷንም ጣቶቿንም ውሃና ዓሣ ተጫውቶባቸዋል፤ የፊት ጥርሶቿ ከጀልባዋ ጋር ተጋጭተው ረግፈዋል። ፖሊስ ከሥጋዋ ተቆርጦ አዲስ አበባ ይላክ፣ ግን ወራት ይፈጃል አለ። የዜማ አጎት ቄስ ወልደ ጻድቅ «በሜሮን የከበረ ገላ አይቆረጥም» ብለው ተነሡ፤ ወለተ ሩፋኤልም በዚህ ከሳቸው ጋር ሆነች። የሬሳ ማቀዝቀዣው ደግሞ እንኳን ወራት ሦስት ቀን የሚያስተማምን አይደለም። የሲና ጄሶ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቢላዋ የለበትም፤ አፍ ተከፍቶ ይለካል፣ በቃ። ከተመሳሰለ ሬሳዋ እናትዓለም ናት፤ ካልተመሳሰለ ዜማ ናት። ሁለቱ ቤተሰቦች በስልክ ተነጋግረው በዚሁ ተስማሙ።

«እሱ የኔ ነው» ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው፣ ቧንቧው ሥር ሳለሁ። ሦስት ቃል ናት። ግን ወለተ ሩፋኤል ጄሶውን እንደ ታቦት ይዛ ቆማለች፤ አምስት ቀን ሙሉ ያላየሁት ነገር ፊቷ ላይ አየሁ። ሰውም ዙሪያዋን ከቦ ሲናን ይመርቃል፤ «የተማረ ልጅ ይወለድ!» እያለ። በዚህ መሐል ገብቼ፣ ይህን ሁሉ ሰው አቁሜ፣ ለአንድ ጥርስ ብሩሽ ብዬ ዕድሜዬን በሃያ አምስት ዓመት የቀነስሁ ሴት ነኝ ልበል? ደግሞ ለራሴ አንድ ተንኮለኛ ምክንያት አበጀሁ። የኔ ትናጋ ከሬሳዋ ጋር አይመሳሰልም፤ አይደለችም ይባላል፤ እናት ትተነፍሳለች፤ ምን ጎደለ አልሁ። ሬሳዋን ይዞ ስለሚሄደው ሰው አላሰብሁም። ሰው የሚዋሽበትን ምክንያት ሲፈልግ ሂሳቡ ሁልጊዜ የሚገባለት ለራሱ ነው።

ሲና ቀድማ ሄደች፤ እኔና ወለተ ሩፋኤል ከዓባይ ማዶ ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ መቶ ሃያ ካልከፈላችሁ አልሄድም አለ፤ እኔም በልማዴ ሰማንያ ብዬ ልከራከረው ስጀምር ወለተ ሩፋኤል ገብታ ተቀምጣለች፣ ካርቶኑ ጭኗ ላይ ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ልጁ በመስታወቱ አይቷት «እናቴ፣ ጫማው ለማን ነው?» አለ፣ ለጨዋታ ያህል። «ጫማ አይደለም። የልጄ አፍ ነው» አለችው። ሙዚቃውን ዘጋው። ሆስፒታሉ በር እስክንደርስ ምላሴን ወደ ትናጋዬ ልኬ መስመሮቹን ስቆጥር ሄድሁ። በግራ በኩል ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ለሁለት ትከፈላለች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም፣ አፌ ውስጥ መንታ መንገድ መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የሬሳ ክፍሉ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው። ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ። በዚያኛው ጫፍ ክንዱ የሚባለው የዜማ ባል ተቀምጧል፤ የላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል ያቆመ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ከጎኑ ቄስ ወልደ ጻድቅ ጃንጥላቸውን እንደተደገፉ ናቸው። እኛም በዚህኛው ጫፍ ተቀመጥን። ሲና ጓንቷን አድርጋ፣ ዱቄቷንና ብረቷን ይዛ ገባች። ለክታ፣ ጄሶውን ሞልታ፣ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ ነግራናለች። አንድ ሰዓት እንዲህ ባለ ወንበር ላይ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጽሐፍ ሁለት እናቶች አንድን ሕፃን የኔ ነው እያሉ ይሻማሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ባጠገባቸው የተኛችው የሌላው እንድትሆን እየለመኑ ነው፣ ሁለቱም አንድ አምላክ፣ ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ። ይህንንም ሁለቱም ያውቁታል፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ዓይን ለዓይን የማይተያዩት።

ብዙ ቆይቶ ክንዱ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነበር?» አለ።

«ሃያ አራት ዓመቷ ነው» አለች ወለተ ሩፋኤል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነው ማለቴ ነው።» ዱላውን በመዳፎቹ መሐል አዞረ። «የኔዋ ሃያ ስድስት ናት። ደህና ዋናተኛ ናት፤ እኛ አገር ሁሉም ይዋኛል። ቀሚሱ ነው እንጂ። የንግሥ ቀሚስ ሲረጥብ ይከብዳል።»

«ይከብዳል» አለች እሷም። «የእናትዓለምንም እኔ ነኝ ያሰፋሁላት፣ ዘርፉን አበዛሁት።»

ቄሱ ጃንጥላቸውን አዙረው በማዶ ያለውን ግድግዳ ተመለከቱ። እኔም ምላሴን አፌ ውስጥ አሳርፌ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ሦስተኛዋ መስመር፣ መንታዋ፣ ሦስተኛዋ መስመር፣ መንታዋ።

ሲና ሁለቱን ጄሶዎች በአንድ ዝርግ ሰሐን ይዛ ወጣች። ሸንተረሮቹን ሁሉ በእርሳስ አጥቁራቸዋለች፤ አንድ ሰው ሲያያቸው ሁለት ትንንሽ የታረሱ ማሳዎች ይመስላሉ። አንድ ፖሊስም መዝገብ ይዞ መጣ። ሲና እንደ አስተማሪ ሳይሆን ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። «ይሄ የእናትዓለም ነው» አለች የኔን እያሳየች፤ «በግራ በኩል ሦስተኛዋን መስመር እዩልኝ፤ መጨረሻዋ ላይ መንታ ትሆናለች። ይሄኛው ደግሞ ዛሬ የወሰድኩት ነው። እዚህ መንታ የለም። መስመሮቹ አጫጭር ናቸው፣ መሐል መሐሉ ላይ ይቆረጣሉ። የቀኙም አይገጥምም።» ክንዱ ተነሥቶ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎንበስ አለ። ረጅም ጊዜ አየ። «እኔ የማውቀው እርሻ ነው። ይሄንና ያን ማሳ አንድ ሰው አላረሰውም» አለ።

«እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ?» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ።

«አባ፣ ሁለቱ የአንድ ሰው ትናጋ አይደሉም። በዚህ እምላለሁ።»

እሷስ እውነቷን ነው። በሞተችውና በኔ መሐል ምንም መመሳሰል አልነበረም።

«እንግዲያ የኔዋ ናት» አለ ክንዱ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። በዚያው ቅጽበት ከወለተ ሩፋኤል አፍ «ተመስገን!» የሚል ቃል አመለጣት። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ደፈነችው፣ ግን ወጥቷል፤ ኮሪደሩ ሰምቶታል። ሄዳ አጠገቡ በጉልበቷ ወደቀችና ጭንቅላቱን ይዛ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው» እያለች ለመነችው። «ምን አጠፉ? እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ስል ነው የዋልሁት» አላት። ሲና ወደኔ ዞረች፣ ሰውነቷ ሁሉ ደክሟል፣ ግን ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ጥናቷ ለሰው ጠቅሞ ያየችው ያን ዕለት ገና መጀመሪያዋ ነው። ያኔም ዝም አልሁ። ሁለተኛ ዝም ማለት ከመጀመሪያው ይቀልላል፤ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቃል።

የክንዱ ዘመዶች ሣጥኑን አስቀድመው አዘጋጅተው ኖሯል። በስምንት ሰዓት ሬሳዋ በፒክአፕ ወደ ወደቡ ሄደች፤ ከዚያ በተከራዩት ጀልባ ወደ ደቅ ተሻግራ ዛሬውኑ ልትቀበር። ወለተ ሩፋኤል «ሬሳ ሳልሸኝ ቤቴ አልገባም፤ በነሱ ኀዘን ላይ ተመስገን ብያለሁ» አለችና በእግራችን ወረድን። መንገድ ላይ ሙዝ የምትሸጥ ሴት አየችና ቆመች። «ውዴ፣ ራበኝ» አለችኝ፣ እንደ አዲስ ነገር። ከእሑድ ጀምሮ በማንኪያ አፏን ስንታገል የሰነበትን ሴት፣ ቆማ ሦስት ሙዝ በላች። አራተኛውን ለኔ ሰጠችኝ፤ ሳልልጠው በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁት። ከዚያ መንገዱን ሁሉ ስታወራ ሄደች። ነፋሱ ያን ዕለት ወደ ሰሜን ነበር ብለዋል አይደል? እንግዲያ የገፋት ወደ ጎርጎራ ነው። በዚያ በኩል ስልክ የማይሠራበት፣ መንገድ የሌለው ስንት መንደር አለ። የሆነ ዓሣ አስጋሪ አውጥቷት፣ ታማ ተኝታ፣ ስሟን መናገር አቅቷት ይሆናል። «ነገ በጧት እኔና አንቺ መኪና እንያዝ። በማክሰኝት አልፈን ጎርጎራ እንወርዳለን፤ ከዚያ በባሕሩ ዳር መንደር ለመንደር እንጠይቃለን። አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው። አንቺ አፍ አለሽ፣ ሰው ማናገር ትችያለሽ። ፎቶዋን የምረቃውን እንያዝ ወይስ የቅርቡን?»

አየኋት። አምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ፎቶ ይዛ በጣና ዙሪያ በየመንደሩ፣ በየደጁ ስትቆም ታየችኝ። ሳምንት አይበቃትም። ጎርጎራ ሲያልቅ ሌላ ዳርቻ ይኖራል፤ ባሕሩ ክብ ነው፣ አያልቅባትም። እኔም ከጎኗ እየሄድሁ፣ ፎቶውን እየያዝሁላት፣ አፍ ስላለኝ እየጠየቅሁላት።

ወደቡ ላይ ሣጥኑን ከጀልባው አጠገብ በሁለት ድንጋይ ላይ አሳርፈውታል። ከደቅ የመጡ ሰባት ስምንት ሴቶች ዙሪያውን ይዘዋል። ጀልባ ነጂው ቤንዚን ይቀዳል። እኛ ከዘንባባው ሥር፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቀን ቆምን።

«እቴ ወለተ» አልኋት። «ያ ጄሶ የኔ ነው።»

«የቱ ጄሶ?»

«በካርቶኑ የመጣው። የእናትዓለም አይደለም። ያን ዕለት በማግሥቱ ልትቆርብ ነበር። ሚንት የሚለውን ነገር አፏ ውስጥ ማስገባት ፈርታ ወረቀቷን ለኔ ሰጠችኝ። ገብቼ የተለካሁት እኔ ነኝ። በሷ ስም።»

የሙዙ ልጣጭ እጇ ላይ ነበር። የምትጥልበት ቦታ የምትፈልግ ይመስል ዙሪያዋን አየች፤ ሳታገኝ መልሳ ጨበጠችው።

«ታዲያ የእሷ የትኛው ነው?»

«የእሷ የለም። ጭራሽ አልተለካችም።»

«እንግዲያ ያች...» ወደ ሣጥኑ አልዞረችም፤ በአገጯ ብቻ አሳየችኝ። «ያች ማን ናት?»

«አላውቅም። ማንም አያውቅም። ዜማም ልትሆን ትችላለች፣ እናትዓለምም ልትሆን ትችላለች።»

በጥፊ ብትመታኝ ደስ ባለኝ። ጮኻ ብትረግመኝ፣ ፀጉሬን ብትይዘኝ፣ ሰው ተሰብስቦ ቢያገላግለን ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ልጣጩን እንደጨበጠች ቆመች። ሃያ ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል፤ በአንድ ቧንቧ ቀድተናል። ባሕሩን አየችው፣ እጇን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ወረቀቱን ስትሰጥሽ ትስቅ ነበር?»

«ትስቅ ነበር። ስለካም በበሩ ስንጥቅ እያየችኝ ትስቅ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የጠፋባትን አንድ ነገር እንዳገኘች ዓይነት። ስልኬን አወጣሁ። «ለሲና ልደውል። ጀልባው ይቁም። ፖሊሱም ይምጣ፣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ» አልሁ። እጄን ከነስልኩ ያዘችኝ፤ አያያዟ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

«ካስቆምሽው በኋላስ?» አለችኝ። «እንደገና ያ በረኪና የሚሸት ክፍል ትገባለች። ከዚያ ቢላዋ ይመጣል፣ ከዚያ ወር ይቆጠራል። እኔና ያ ልጅ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን አንቺ ነሽ አንተ ነህ እንባባላለን። ማንም ትሁን ማን፣ ሴት ልጅ ናት፣ ስድስት ቀን አፈር አላገኘችም። ዛሬ ትቀበር። ነገ ለሲና ትነግሪያታለሽ። ከነገ ወዲያ ራስሽ ደቅ ድረስ መጥተሽ ለእሱም ትነግሪዋለሽ። በስልክ እንዳይሆን፣ በሌላ ሰውም እንዳይሆን።»

«ነገ ጎርጎራ...» አልሁ፣ ለምን እንዳልሁ እንጃ።

«ተይው» አለችኝ።

ልጣጩን እጄ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ጀልባው ሄደች። ሣጥኑን አስገብተውታል። ክንዱ ስትመጣ አይቶ ቀና አለ። «እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ለቀብር።»

«ሩቅ ነው፣ ይደክማሉ። ውሃውም ለርስዎ...» ሊጨርሰው ከበደው። ይህ ባሕር ልጇን ከበላባት ገና ሳምንት እንዳልሞላት ያውቃል።

«ለቀስተኛ ትመልሳለህ እንዴ?» አለችው።

አልመለሳትም። እጇን ይዞ አወጣት። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ወለተ ሩፋኤል ዓይኗን ጨፈነች፣ ሁለት ሴቶች በብብቷ ደገፏት። እኔም አንድ እርምጃ ወደፊት ስል ሳትዞር መዳፏን ወደ ኋላ ዘረጋችብኝ፤ በቦታዬ ቀረሁ። ክንዱ የተቀመጠው በሣጥኑ ራስጌ ነበር፣ የባል ቦታ። ትልቅ ሰው ናቸው ብሎ ተነሣላት። ምንም አላለችም፤ ሄዳ ተቀመጠችበት። ቀኝ እጇን ክዳኑ ላይ፣ ከሥሩ ፊት ሊኖርበት ከሚችለው ቦታ ላይ አሳረፈችው።

ሞተሩ ተነሣ። የደቅ ሴቶች ወዲያው ጀመሩ፤ «ዜማ! ዜማዬ! የቤቱ መብራት!» እያሉ፣ ስሟን አንዷ ስትጥለው ሌላዋ እያነሣችው። ወለተ ሩፋኤልም ጀመረች። ስድስት ቀን አንጀቷ ውስጥ የተቋጠረው ነው የወጣው፤ የሷ ድምፅ የሌሎቹን ሁሉ ዋጠው። ወደቡ ላይ ዓሣ የሚበልቱት ቢላዋቸውን አስቀመጡ፤ ቲኬት ቆራጩም ከዳሱ ወጥቶ ቆመ። «የራሷ ሟች ትዝ ብሏት ነው፣ ምስኪን» አለች አጠገቤ የቆመች አንዲት ሴት። ክንዱ ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ይዞ ሲያጽናናት አየሁት፤ በራሱ ለቅሶ ላይ እሱ እሷን። ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ። ነፋሱ እያመጣ እየወሰደ፣ ጀልባዋ ከእምቦጩ ዳርቻ አልፋ ትንሽ ነጥብ እስክትሆን ድረስ ሰማሁ። ሌሎቹ ሁሉ ስም ይጠራሉ። እሷ ብቻ፣ ያን ያህል መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ፣ የማንንም ስም ሳትጠራ አለቀሰች።